የአረጋውያን መንከባከቢያ ገበያ፦ ውድድር ጥራትን የሚያሻሽለው መቼ ነው?

ሻጮች ሲበዙ ዋጋ ይወርዳል፣ ጥራት ይሻሻላል፣ ደንበኛውም ያልተስማማውን ትቶ የሚስማማውን ይመርጣል የሚለው እምነት በዘመናዊው የምጣኔ ሀብት አስተሳሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ይህ እምነት በጫማና በስልክ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። ሆኖም ጉልበቱ የከዳው፣ ትዝታው የደበዘዘበትና ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋው መነሣት የማይችል አረጋዊ በሚኖርበት ተቋም ላይ ያው የገበያ ሕግ ሲሠራበት ውጤቱ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የምጣኔ ሀብትና የጤና ተመራማሪዎችን ከ40 ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማስረጃ የተሰበሰበው በአሜሪካና በእንግሊዝ ነው። ሁለቱም አገሮች አረጋውያንን የመንከባከቡን ሥራ በአብዛኛው ለግል ድርጅቶች ትተው የወጪውን ትልቅ ድርሻ ግን ከሕዝብ ገንዘብ ስለሚሸፍኑ፣ ገበያው የሚያደርሰውን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን አመቺ ሆነዋል። ከጥናቶቹ የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ ውድድር የሚያሻሽለው ገዢው ሊያየው የሚችለውንና በቂ ዋጋ የሚከፍልበትን አገልግሎት ነው፤ ከገዢው ዓይን የተሰወረው እንክብካቤ ግን ፉክክሩ በበረታ ቁጥር ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገዢው ማን ነው?

የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተለምዶ ነርሲንግ ሆም የሚሉት፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስና መጸዳዳት የመሳሰሉትን የዕለት ተዕለት ተግባራት በራሳቸው ማከናወን የማይችሉ ሰዎች ቀንና ሌሊት የነርስ ክትትል እያገኙ የሚኖሩበት ቤት ነው። በአሜሪካ 15,000 ያህል እንደዚህ ያሉ ተቋማት ያሉ ሲሆን፣ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖሩባቸዋል። ከተቋማቱ መካከል 70 በመቶ ያህሉ ለትርፍ የተቋቋሙ ናቸው።

በዚህ ገበያ ውስጥ አገልግሎቱን የሚቀበለው፣ የሚመርጠውና የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። በ1965 በአንድ ሕግ የተቋቋሙት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች የሚከፍሉበት መንገድ ይለያያል። በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን የሚሸፍነው ሜዲኬር፣ ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ እስኪያገግም ድረስ ለአንድ የሕመም ጊዜ እስከ 100 ቀን፣ ከዚህም ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉውን ወጪ ይከፍላል። ለዓመታት የሚዘልቀውን ኑሮ ግን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ነዋሪው መጀመሪያ ከራሱ ኪስ ይከፍልና ጥሪቱ ሲሟጠጥ ለድሆች ወደተመደበው ሜዲኬይድ ይሸጋገራል። በእነዚህ ተቋማት ከሚኖሩ 10 ሰዎች መካከል ከስድስት በላይ የሚሆኑት ወጪያቸው የሚሸፈነው በሜዲኬይድ ነው።

ተመኑን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የሚወስነው ሜዲኬይድ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ሲከፍል፣ ሜዲኬርና ከኪሱ የሚከፍለው ነዋሪ ግን የተሻለ ይከፍላሉ። በዚህ ምክንያት ተቋማት በአንድ አካባቢ ሲበዙ ፉክክራቸው የሚያነጣጥረው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጣውን ባለሜዲኬር ወይም ጥሪቱ ገና ያላለቀውን ነዋሪ ለመሳብ ነው። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ታድሶ፣ የመግቢያው አዳራሽ አምሮ፣ የረጅም ጊዜ ነዋሪዎች በሚተኙበት ክፍል የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ሊጎድል የሚችለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ምርጫው ራሱ የሚካሄድበት ሁኔታም ከተለመደው ገበያ የራቀ ነው። ሆስፒታሉ ታማሚውን ሊያስወጣ ሲል ቤተሰቡ ቦታ ለመፈለግ የሚኖረው ጊዜ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ለመጠየቅ የሚቀርበውንና ክፍት አልጋ ያለውን ተቋም ይወስዳል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አገልግሎት ሲበላሽ ደንበኛ ያለው አማራጭ ወይ ጥሎ መሄድ ወይም አቤቱታ ማሰማት መሆኑን አስረድቶ ነበር። የመርሳት በሽታ ላለበት አረጋዊ የመጀመሪያው አማራጭ የለመደውን ክፍልና ፊት የሚያሳጣው ከባድ እርምጃ ነው፤ ሁለተኛውም አንደበትና ብርታት ይጠይቃል። ቤተሰብም ቢሆን ቅሬታ ካሰማ ወላጁ ላይ ቂም ይያዝበታል ብሎ ስለሚሰጋ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ደንበኛው ጥሎ መሄድም መናገርም በማይችልበት ቦታ ውድድር የሚይዘው ልጓም ይላላል።

ባዶ አልጋ በሌለበት ገበያ

የውድድርን መጠን ለመለካት ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት የተቋማትን የገበያ ድርሻ በየራሱ አባዝቶ በመደመር የሚገኘውን የገበያ ክምችት መለኪያ ነው። በአንድ አካባቢ አንድ ተቋም ብቻ ካለ ውጤቱ 10,000 ይሆናል፤ ገበያውን እኩል የተካፈሉ አራት ተቋማት ካሉ ደግሞ 2,500 ነው። አሃዙ ባነሰ ቁጥር ፉክክሩ እየበረታ ይሄዳል ተብሎ ይገመታል። ይሁን እንጂ አልጋዎች ሁሉ ሞልተው ወረፋ በተያዘበት አካባቢ የተቋማት ቁጥር ብቻውን ስለ ፉክክር ብዙም አይናገርም።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ታሪክ በግልጽ ታይቷል። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ1964 አዲስ የሕክምና ተቋም ለመገንባት ወይም አልጋ ለመጨመር አስፈላጊነቱን የሚያረጋግጥ ፈቃድ እንዲያዝ ደነገገ፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ1974 ባወጣው ሕግ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ተመሳሳይ አሠራር እንዲከተሉ ገፋፋ። የሕጉ አሳቢዎች ዓላማ ወጪን መግታት ነበር፤ አዲስ አልጋ በተጨመረ ቁጥር ሜዲኬይድ የሚከፍልለት ሰው ይጨምራልና። ውጤቱ ግን በሥራ ላይ ያሉትን ተቋማት ከአዲስ ተፎካካሪ መጠበቅ ሆነ። በዚያ ዘመን ከአልጋዎቹ ከ90 በመቶ በላይ የተያዙ ነበሩ።

ጆን ኒማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ1980ዎቹ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ያካሄዳቸው ጥናቶች ይህ ሁኔታ ጥራትን እንዴት እንደሚጎዳ አሳዩ። የአልጋ እጥረት ባለበት አካባቢ ያሉ ተቋማት ጥራታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ምክንያቱም ከኪሱ የሚከፍለው ደንበኛ ቢሸሽ እንኳ በሜዲኬይድ የሚከፈልለት ሰው በበሩ ወረፋ ይዞ ስለሚጠብቅ፣ ባለቤቱ ጥራት ላይ ገንዘብ የሚያፈስበት ምክንያት አልነበረውም። እንደዚህ ባለው ገበያ የሜዲኬይድን ተመን መጨመር እንኳ መድኃኒት ላይሆን እንደሚችል የዚያ ዘመን ጥናቶች አመለከቱ፤ ወረፋው እስካለ ድረስ ጭማሪው ያለ ተጨማሪ ጥረት የሚገባ ገቢ ይሆናልና።

በኋለኞቹ ዓመታት የቤት ውስጥ እንክብካቤና ቀለል ያለ ድጋፍ የሚሰጥባቸው መኖሪያዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ የተያዙት አልጋዎች ድርሻ አሽቆለቆለ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ግራቦውስኪ በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ በአገር አቀፍ መረጃ ሲታይ የሜዲኬይድ ተመን መጨመር ከጥራት መሻሻል ጋር መጠነኛ ዝምድና እንዳለው አሳየ። ከሁለቱ ዘመናት ጥናቶች የሚገኘው ትምህርት፣ ውድድር እንዲሠራ ባዶ አልጋና በቂ ክፍያ በአንድነት መገኘት እንዳለባቸው ነው።

ኮከብ የሚቆጠርለት እንክብካቤ

ገዢው ጥራትን ማየት ካልቻለ ጥራቱን እናሳየው የሚለው ሐሳብ ከዚህ የተወለደ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1987 ባጸደቀው የመንከባከቢያ ተቋማት ማሻሻያ ሕግ የነዋሪዎችን መብትና ዝቅተኛውን የአገልግሎት ደረጃ ደነገገ። መንግሥት በ1998 የተቋማትን መረጃ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ጀመረ፤ በ2002 የጥራት መለኪያዎችን አከለበት፤ በታኅሣሥ ወር 2008 ደግሞ እያንዳንዱን ተቋም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መመዘን ጀመረ። ምዘናው የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችን ግኝት፣ የሠራተኛን ብዛትና የነዋሪዎችን የጤና ሁኔታ የሚያሳዩ መለኪያዎችን ያጣምራል።

ከሦስቱ መካከል ተቋማቱ ራሳቸው ሞልተው ያቀርቡት የነበረው መረጃ ደካማው ጎን ሆነ። የፀረ ሥነ ልቦና መታወክ መድኃኒቶች ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ያለበትን አረጋዊ አፍዝዘው ጸጥ ስለሚያደርጉት ሠራተኛ በጎደለበት ፈረቃ ሥራን ያቀልላሉ፤ ነገር ግን ለሞት የማጋለጥ አደጋን እንደሚጨምሩ ይታወቃል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስዱ ነዋሪዎች ድርሻ ከፍ ያለበት ተቋም ነጥብ ይቀነስበታል። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ግን መድኃኒቱ ስለሚያስፈልጋቸው ከስሌቱ ውጪ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምረው ይህ ሕመም በአረጋውያን መዛግብት ላይ እየበዛ መታየቱ ጥርጣሬ አስነሣ፤ በ2021 ጋዜጠኞችና የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጉዳዩን ይፋ ካወጡት በኋላ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2023 መዛግብቱን መመርመርና አላግባብ የመዘገቡትን ተቋማት ኮከብ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኮከቡ ይጣል የሚል አይደለም። የሠራተኛ ብዛት በተቋሙ ቃል ሳይሆን በደመወዝ መዝገብ እንዲረጋገጥ ከ2016 ጀምሮ መደረጉ የዚህን መለኪያ ተአማኒነት በእጅጉ ከፍ አድርጎታል። ውድድር ሰዎችን ወደሚለካው ነገር ስለሚገፋቸው፣ መለኪያው የተወዳዳሪው እጅ የማይገባበት መሆን አለበት። በመለኪያው ውስጥ ያልተካተተው ነገር፣ ለምሳሌ ሠራተኛዋ ለአረጋዊቷ ረጋ ብላ የምታጎርስበት ትዕግሥት፣ በፉክክሩ ሳቢያ ሊረሳ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ዋጋ ሲወርድ ጥራትም ሲወርድ

የእንግሊዝ ተሞክሮ የጉዳዩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። በ1990 ወጥቶ በ1993 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶችን የአረጋውያን እንክብካቤ ዋነኛ ገዢዎች አደረጋቸው። የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጁሊየን ፎርደርና ስቲቨን አላን በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ፉክክር በበረታበት አካባቢ ዋጋ እንደሚወርድና የወረደው ዋጋም ጥራትን ይዞ እንደሚወርድ አገኙ። ጉልበት ያለው ገዢ ብዙ ሻጮችን እያፎካከረ ዋጋ ሲያስቀንስ፣ ተቋሙ ወጪውን የሚቀንሰው ከትልቁ ወጪው ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ነው፤ ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ ጉዳቱ የሚያርፈው ነዋሪው ላይ ነው።

የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በኅዳር ወር 2017 ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ በአሃዝ አስደገፈ። በሪፖርቱ መሠረት በመላ አገሪቱ 11,300 ያህል የመንከባከቢያ ቤቶች 410,000 ያህል ነዋሪዎችን ይዘው ነበር። ከራሱ ኪስ የሚከፍል ነዋሪ በዚያው ቤት ውስጥ ምክር ቤት ከሚከፍልለት ጎረቤቱ በአማካይ 41 በመቶ ይበልጥ ይከፍል ነበር፤ በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ የሚኖሩ ሰዎችን የያዙ ቤቶች ደግሞ ከምክር ቤቶች የሚያገኙት ክፍያ ከጠቅላላ ወጪያቸው እስከ 10 በመቶ ያንስ ነበር። የአንዱን ጉድለት ሌላው ነዋሪ እየሞላ የሚቆይ ገበያ ጤነኛ ሊባል አይችልም፤ ከኪሱ የሚከፍል ሰው በሌለበት ድሃ አካባቢ ያሉት ቤቶችም መጀመሪያ የሚዘጉት እነሱ ይሆናሉ።

ትርፍ፣ ብድርና ባለቤትነት

ማን ተወዳደረ የሚለውም ጥያቄ ከስንት ተወዳደሩ ያላነሰ ክብደት አለው። በ2009 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ግምገማ ስለ ባለቤትነትና ጥራት የተጻፉ 82 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ በ40ዎቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙት ተቋማት በግልጽ የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፣ ለትርፍ የተቋቋሙት የተሻሉ ሆነው የተገኙት በሦስቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የተቀሩት ጥናቶች ድብልቅ ውጤት ነበራቸው።

ከትርፍ ተቋማት መካከል ልዩ ትኩረት የሳቡት ፕራይቬት ኢኩቲ የሚባሉት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች የገዟቸው ናቸው። እነዚህ ድርጅቶች ከባለሀብቶች በሰበሰቡት ገንዘብና በብዙ ብድር አንድን ኩባንያ ገዝተው፣ ለጥቂት ዓመታት ይዘው፣ አትርፈው ለመሸጥ የሚሠሩ ናቸው። በአሜሪካ አትዩል ጉፕታና ባልደረቦቹ በ2021 ያወጡት ጥናት፣ በእነዚህ ድርጅቶች የተያዙ ተቋማት ውስጥ ለአጭር ጊዜ የገቡ የሜዲኬር ታማሚዎች በ90 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ10 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን አመለከተ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ጋር የነርስ ረዳቶች ቁጥር መቀነሱንና ለሕንፃ ኪራይና ለብድር ወለድ የሚወጣው ገንዘብ መጨመሩን አግኝተዋል።

በእንግሊዝም ሳዘርን ክሮስ የተባለው የመንከባከቢያ ቤቶች ኩባንያ መውደቅ የዚሁ አሠራር መዘዝ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ኩባንያው በኢንቨስትመንት ድርጅት እጅ ገብቶ በፍጥነት ከሰፋ በኋላ፣ ቤቶቹን ለሌሎች ባለንብረቶች ሸጦ መልሶ በየዓመቱ በሚጨምር ኪራይ የሚሠራባቸው ሆነ። ከምክር ቤቶች የሚገኘው ገቢ ሲቀዘቅዝ ኪራዩ አልቀነሰም፤ ስለዚህ ከ750 በላይ ቤቶችና 31,000 ያህል ነዋሪዎች የነበሩት ድርጅት በ2011 ፈረሰ። መንግሥት ከዚህ ተምሮ በ2014 ባወጣው ሕግ የትላልቅ ኩባንያዎችን የገንዘብ ጤንነት አስቀድሞ የሚከታተል ሥርዓት ዘረጋ። በተለመደው ገበያ ደካማው ተወዳዳሪ ሲወድቅ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሻገራል፤ እዚህ ግን የድርጅቱ ውድቀት የአረጋውያን መፈናቀል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የግል ተወዳዳሪ ምንጊዜም ጎጂ ነው ብሎ መደምደም ማስረጃውን ማዛባት ይሆናል። በስዊድን የአረጋውያን እንክብካቤ ለግል ድርጅቶች በተከፈተባቸው ማዘጋጃ ቤቶች የሞት መጠን ቀንሶ መገኘቱን በ2016 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት አሳይቷል። ስዊድን እንክብካቤውን በዋናነት ከግብር የምትሸፍን መሆኗ፣ ማዘጋጃ ቤቶቿም በኃላፊነት የሚገዙና የሚቆጣጠሩ መሆናቸው እዚህ ላይ መታሰብ ይኖርበታል። ተመሳሳይ ውድድር በተለያየ መሬት ላይ ሲዘራ የተለያየ ፍሬ ያፈራል።

በደቂቃ የሚለካ እንክብካቤ

በጥናቶቹ ሁሉ ውስጥ የጥራት ዋነኛ ተሸካሚ ሆኖ ደጋግሞ የሚታየው በቂ ሠራተኛ መኖሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በሚኒሶታና በሲያትል በነርስ ረዳትነት ተሰማርተው አረጋውያንን የሚንከባከቡ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ወላጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ያመጡ ቤተሰቦችም ከዚሁ ገበያ ጋር በገዢነት መገናኘት ጀምረዋል።

አንዲት ነርስ ረዳት በስምንት ሰዓት ፈረቃዋ 10 ነዋሪዎች ከተመደቡላት፣ ዕረፍቷ ሳይቆጠር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 48 ደቂቃ ነው፤ ነዋሪዎቹ 15 ሲሆኑ ወደ 32 ደቂቃ ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነዋሪውን መቀስቀስ፣ ማጠብ፣ ዳይፐሩን መቀየር፣ ማልበስ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማዛወርና ሁለት ጊዜ መመገብ አለባት። አልጋ ላይ የዋለውን ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካላገላበጠችው ቆዳው ታፍኖ ይቆስላል፤ ቁስሉም ወደ አጥንት እስከመድረስ ሊከፋ ይችላል። ደቂቃዎቹ ሲያጥሩ መጀመሪያ የሚቀረው ለተቆጣጣሪ የማይታየው ማገላበጥና ቀስ ብሎ ማጉረስ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በሚያዝያ ወር 2024 ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የእንክብካቤ ጊዜ እንዲመደብ፣ ከዚህም 2.45 ሰዓቱ የነርስ ረዳት፣ 0.55 ሰዓቱ ደግሞ የተመዘገበ ነርስ እንዲሆን ደነገገ። ተቋማቱ ሠራተኛም ገንዘብም የለንም ብለው ተከራከሩ፤ በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፣ ኮንግረሱም በዚያው ዓመት ተግባራዊነቱን እስከ 2034 አገደው። የተቋማቱ ክርክር ከፊል እውነት አለው፤ ተመኑን ሳይጨምሩ ግዴታውን ብቻ መጨመር በሜዲኬይድ የሚተዳደሩትን ቤቶች ሊያዘጋ ይችላል። ነገር ግን ወለል የሌለው ውድድር፣ ሠራተኛ በመቀነስ ያተረፈውን ሸልሞ በቂ ሠራተኛ የቀጠረውን ስለሚቀጣ፣ መልሱ ሁለቱንም አብሮ ማስተካከል እንጂ አንዱንም መተው አይደለም።

እንግዲህ ውድድር አረጋውያንን እንዲጠቅም መሟላት የሚገባው ቅድመ ሁኔታ ግልጽ ነው፦ ምርጫ እንዲኖር ባዶ አልጋ፣ ጥራትን የሚሸከም ክፍያ፣ በተወዳዳሪው የማይሞላ መለኪያ፣ ማንም ሊወርድበት የማይችል የሠራተኛ ቁጥርና የባለቤቱን ገንዘብ የሚከታተል ተቆጣጣሪ። እነዚህ ባልተሟሉበት ቦታ ቤተሰብ ራሱን መጠበቅ ይኖርበታል፤ የተቋሙን ኮከብ ብቻ ሳይሆን የቁጥጥር ግኝቱንና በደመወዝ መዝገብ የተረጋገጠውን የሠራተኛ ብዛት ማየት፣ ቀጠሮ ሳይዙ በምሽትና በሰንበት መጎብኘት፣ አንድ ረዳት ስንት ነዋሪ እንደሚይዝና ሠራተኞች ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ መጠየቅ፣ ወላጁ ከገባ በኋላም ደጋግሞ መታየት ይጠቅማል። ዘመድ የሚመላለስበት ነዋሪ ችግሩ ቶሎ የሚታወቅለትና የሚነገርለት ነዋሪ ነው።

የቤተሰብ ንቃት ግን ጠያቂ የሌለውን አረጋዊ አይደርስለትም። ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚከፍለው ሕዝብ እስከሆነ ድረስ፣ ሕዝብ በገንዘቡ የሚገዛውን እንክብካቤ ዝቅተኛ ልክ የመወሰን መብትም ግዴታም አለበት። ተቋማት ከዚያ ልክ በላይ በሚሰጡት አገልግሎት ይፎካከሩ፤ በአረጋዊ ገላና ክብር ላይ የሚቆጠብ ሳንቲም ግን የማንም ተወዳዳሪ ብልጫ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።